ራውተር ከመግዛታችሁ በፊት የገመዱን ጫፍ እዩ

የመጀመሪያ ራውተሬን የገዛሁት በአንቴና ብዛት ነው። አራት አንቴና ነበረው። ባለሱቁ ካርቶኑን ከፍቶ እያገላበጠ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ግድግዳ ይበሳል፣ ጎረቤት ድረስ ነው የሚደርሰው» አለኝ። አመንኩት። ዋጋ ትንሽ ተከራከርኩና ከፍዬ፣ ደስ እያለኝ ወደ ቤት ሄድኩ።

ቤት ገብቼ ከግድግዳው የሚመጣውን የስልክ ገመድ ያዝኩና ራውተሩን በጀርባው አዞርኩት። አምስት ቀዳዳ አለው፣ አምስቱም ሰፋፊ ናቸው። የእኔ ገመድ ጫፍ ደግሞ ጠባብ ናት። የሚያሳስተው ነገር ምን መሰላችሁ? ጠባቧ ሰፊው ውስጥ ትገባለች። ላላ ትላለች እንጂ ትገባለች። ሰካሁ፣ አበራሁ፣ ጠበቅኩ። ስልኬ ላይ ዋይፋዩ ሙሉ ሲግናል ያሳያል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ሪሴት አደረግኩ፣ ገመዱን ነቅዬ ሌላኛው ቀዳዳ ውስጥ ሰካሁ። ማታውን ሙሉ እንዲሁ ስታገል ቆየሁ። በማግስቱ አንድ ቴክኒሻን ጓደኛዬ በስልክ ሳቀብኝ። «ራውተር ነው የገዛኸው፣ ሞደም የለውም» አለኝ።

ይሄን ነገር ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ገንዘቤም ሌሊቴም ይተርፍ ነበር።

ሞደም በስልክ ሽቦ የሚመጣውን ምልክት ወደ ኢንተርኔት የሚቀይረው ነው። ራውተር ደግሞ የመጣውን ኢንተርኔት ለቤቱ ስልኮች፣ ላፕቶፖችና ቴሌቪዥን በገመድም በዋይፋይም የሚያከፋፍለው ነው። አንዳንዱ ሳጥን ሁለቱንም በአንድ ላይ ይዟል፣ አንዳንዱ ማከፋፈሉን ብቻ ነው የሚያውቀው። ሱቅ ውስጥ ሁለቱም «ራውተር» ነው የሚባሉት፣ ሁለቱም አንቴና አላቸው፣ ዋጋቸውም ሊቀራረብ ይችላል። ለዚህ ነው ሰው የሚሳሳተው።

ስለዚህ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ኢንተርኔቱ በምን እንደሚገባ እዩ። ከግድግዳው የሚወጣው የቤት ስልክ ገመድ ከሆነ፣ ጫፏ ጠባብ ውስጧም ቀጫጭን ሽቦ ከሆነ፣ ያላችሁ ኤዲኤስኤል ነው፣ ሞደም ያስፈልጋችኋል። ኢትዮ ቴሌኮም አንዲት ቀጭን የፋይበር ገመድ አስገብቶ ነጭ ሳጥን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ከሄደ ደግሞ ሞደም አያስፈልጋችሁም፣ ያቺ ሳጥን የሞደሙን ሥራ ትሠራለች። አብዛኛውን ጊዜ ሳጥኗ ራሷ ዋይፋይ ስላላት መጀመሪያ እሷን ሞክሩ። ካልበቃች ነው ሌላ ራውተር የሚታሰበው።

ሱቅ ስትገቡ አንቴና አትቁጠሩ። ካርቶኑ ላይ ያሉትን ፊደሎች አንብቡ። የቲፒ-ሊንክ ዕቃ ከሆነ «ቲዲ» ብሎ የሚጀምረው ሞደም አለው፣ «ቲኤል» የሚለው ራውተር ብዙ ጊዜ የለውም። ለምሳሌ ቲዲ-ደብሊው8961ኤን በኤዲኤስኤል መስመር ላይ ይሠራል፣ ቲኤል-ደብሊውአር840ኤን ግን ብቻውን አይሠራም። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው በአንድ ዓይን አትለዩአቸውም። ውድ በሆኑት፣ አርቸር በሚባሉት የቲፒ-ሊንክ ዕቃዎች ደግሞ «ቪአር» የሚለው ሞደም ያለው ሲሆን «ሲ» የሚለው የሌለው ነው። ዲ-ሊንክ ከሆነ ይቀላል፣ «ዲኤስኤል» ብሎ የሚጀምረው ሞደም አለው፣ «ዲአይአር» የሚለው የለውም። ፊደሉ ከጠፋባችሁ ዕቃውን አውጥታችሁ ጀርባውን እዩ። ከሰፋፊዎቹ ቀዳዳዎች ተለይታ አንዲት ጠባብ ካለች፣ ከበላይዋም ዲኤስኤል ወይም ላይን የሚል ከተጻፈባት የምትፈልጉት እሱ ነው።

አሁን ደግሞ ከውጭ ስለሚላከው። የአክስቴ ልጅ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። ለበዓል ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ አንድ ቆንጆ ሞደም ይዞልን መጣ፣ እዚያ የተጠቀመበት ነው። አሜሪካ አብዛኛው ሰው ኢንተርኔት የሚያገኘው በኬብል ቴሌቪዥን መስመር ነው፣ ስለዚህ ሞደሙ ጀርባ ላይ ያለው መሰኪያ ልክ እንደ ዲሽ ገመድ የሚጠመዘዝ ነው። አጎቴ ይሄን ሲያይ ጊዜ አላጠፋም፣ ጣራ ላይ ካለው ዲሽ የሚመጣውን ገመድ ነቅሎ ሞደሙ ላይ ጠመዘዘው! ልክክ ብሎ ገባ። ኢንተርኔቱ ግን የሚመጣ አይደለም፣ ቴሌቪዥኑም ጠፋ፣ ኳስ ነበረ፣ እንዳታነሱት።

የኬብል ሞደም ዶክሲስ በሚባል አሠራር ነው የሚነጋገረው፣ የስልክ መስመራችን ያን ቋንቋ አያውቅም። ስለዚህ አሜሪካ ላላችሁ ዘመዶች፦ ስትልኩ ሞደሙን ሳይሆን ሞደም የሌለውን ራውተር ላኩ። እሱ ከማንኛውም ሞደም ኋላ ይሠራል። ለራሳችሁ ስትገዙ ደግሞ ነገሩ በተቃራኒው ነው። የኬብል ድርጅቱ ሞደም አከራይቷችሁ በየወሩ 10፣ 15 ዶላር እየቆረጠ ከሆነ የራሳችሁን መግዛት ቶሎ ይመለሳል፣ ግን ድርጅቱ የሚቀበላቸውን ሞዴሎች ዝርዝር አይታችሁ ግዙ፣ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ መስመሩ ላይ አይመዘግቡላችሁም። ዛሬ የሚገዛ ሰው ዶክሲስ 3.1 ይያዝ።

ከጀርመን የሚመጣውም የራሱ ጣጣ አለው። እዚያ የሚሸጡት የኤዲኤስኤል ሞደሞች ብዙ ጊዜ የተሠሩት አኔክስ ቢ ለሚባል የተለየ ዓይነት መስመር ነው፣ የእኛ አኔክስ ኤ ነው። ቀዳዳው ይመሳሰላል፣ ገመዱም ይገባል፣ የዲኤስኤል መብራቱ ግን መስመሩን ሳያገኝ ሲርገበገብ ይኖራል። አንዳንዱ ሞዴል በሴቲንግ ይቀየራል፣ ሁሉም አይደለም። አዳፕተሩንም አትርሱ። ከአሜሪካ የመጣ አዳፕተር ላይ 100-240 ቮልት የሚል ካለ ሰላም ነው፣ 120 ብቻ የሚል ከሆነ 220 ላይ ስትሰኩት ይቃጠላል፣ ሽታው ብቻ ይቀራል።

እሺ፣ ትክክለኛውን ዓይነት አወቅን። ግን አዲስ መግዛት ያስፈልጋችኋል ወይ? ይሄን ሳይጠይቅ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ብዙ ነው። «ኢንተርኔቱ ይጎተታል፣ ራውተሩ አርጅቷል» ይባላል። ቆይ፣ መጀመሪያ ላፕቶፕ ያዙና በገመድ ቀጥታ አሁን ካላችሁ ሞደም ጋር አገናኙት። በገመድም የሚጎተት ከሆነ ችግሩ ዋይፋዩ ጋ አይደለም፣ አዲስ ራውተርም አያድናችሁም።

ኤዲኤስኤል በርቀት የሚደክም ነገር ነው። አሁን ያለው ኤዲኤስኤል2 ፕላስ ከስልክ ጣቢያው አጠገብ እስከ 24 ሜጋ ሊደርስ ይችላል፣ ግን ሽቦው እየረዘመ ሲሄድ ይወርዳል፣ 5 ኪሎ ሜትር ላይ ጥቂት ነው የሚቀረው። የሽቦው መገጣጠሚያ ውሃ ከገባበትም ያው ነው። ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚቆራረጥባችሁ ከሆነ ራውተሩን ተዉት፣ መስመሩን አስጠግኑ።

መስመራችሁን ራሳችሁ መመርመር ትችላላችሁ። ብራውዘር ላይ የሞደሙን አድራሻ ጻፉ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፣ ከታች በኩል ተለጥፎበት ታገኙታላችሁ። ገብታችሁ የዲኤስኤል ሁኔታ የሚለውን ገጽ ክፈቱ። እዚያ ሁለት ቁጥር ፈልጉ። ኤስኤንአር ማርጂን የሚለው፣ ምልክቱ ከጫጫታው ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚያሳየው፣ ከ6 በታች ከሆነ መስመሩ ይወድቃል ይነሳል፣ ከ10 በላይ ከሆነ ተመስገን ነው። አቴንዌሽን የሚለው ደግሞ ምልክቱ መንገድ ላይ ምን ያህል እንደደከመ ነው፣ ባነሰ ቁጥር ጥሩ ነው፣ ከ50 ካለፈ ጣቢያው ሩቅ ነው ወይ ሽቦው ተጎድቷል ማለት ነው። ስልኩ ሲጠራ ኢንተርኔቱ የሚቋረጥባችሁስ? እሱ ስፕሊተር ነው። ድምፁና ኢንተርኔቱ በአንድ ሽቦ ነው የሚመጡት፣ ስፕሊተር የምትባለው ትንሽ ሳጥን ናት የምትለያቸው። መኝታ ቤት በኤክስቴንሽን የተሳበ ሌላ ስልክ ካለ እሱም የራሱ ማጣሪያ ይፈልጋል። እናቴ ቤት ይሄ ችግር ለወራት ነበረ፣ ማንም ስልክ በደወለ ቁጥር «ኔትወርኩ ጠፋ» ይባላል። ከአዲስ ሞደም ጋር የማይወዳደር ትንሽ ዕቃ ነው የፈታው።

ካርቶኑ ላይ የሚጻፉት ቁጥሮች ደግሞ የማስታወቂያ ቁጥሮች ናቸው። ኤን300፣ ኤሲ1200፣ ኤኤክስ1800። እነዚህ ዋይፋዩ በቤቱ ውስጥ ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ናቸው፣ ያውም በወረቀት ላይ። የእናንተ ኢንተርኔት የሚወሰነው በምትከፍሉት ፓኬጅ ነው። 4 ሜጋ ከሆነ የከፈላችሁት፣ ራውተሩ 300ም ይሁን 1800 የሚመጣው 4 ነው። 4 ሜጋ ቢት ደግሞ በሰከንድ ግማሽ ሜጋ ባይት ማለት ነው፣ አንድ ጊጋ ባይት ፊልም ለማውረድ መስመሩ ጤነኛ ሆኖ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ዩቲዩብ በ1080 ለማየት 5 ሜጋ ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ባለ 4 ሜጋ ቤት ውስጥ አንዱ ልጅ ዩቲዩብ ከከፈተ ሌላው ቪዲዮ ኮል ላይ ቢቆራረጥ ራውተሩን አትስደቡት።

ታዲያ ርካሹን ገዝተን እንገላገል? እዚህ ላይ ነው የምትኖሩበት ቤት የሚወስነው።

ኮንዶሚኒየም ከሆነ ባለ ሁለት ባንድ፣ ማለትም በ2.4ም በ5 ጊጋኸርዝም የሚሠራውን ግዙ፣ ለዚህ የሚከፈል ገንዘብ አይቆጭም። ምክንያቱን ስልካችሁን ከፍታችሁ ዋይፋይ ፈልጉና እዩት። እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ስቆጥር የጎረቤት ዋይፋይ ብቻ ከሃያ በላይ ነው። እነዚህ ሁሉ አብዛኞቹ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ናቸው፣ እዚያ ደግሞ ሳይጠላለፉ የሚሠሩት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። ሃያ ሰው በሦስት በር እየተጋፋ ነው ማለት ነው። ማይክሮዌቭና ብሉቱዝም እዚያው ሰፈር ናቸው። 5 ጊጋኸርዝ ሰፊ ነው፣ ሰውም ገና አልሞላበትም። ግድግዳ ብዙ አያልፍም የሚባለው እውነት ነው፣ ግን ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ምን ያህል ግድግዳ አለው? ይልቅ አለማለፉ ይጠቅማል፣ የጎረቤታችሁም ወደ እናንተ አይገባማ።

ግቢ ያለው ቤት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ጎረቤት ሩቅ ስለሆነ 2.4 ይበቃል፣ ራቅ ብሎም ይደርሳል። የዚያ ቤት ችግር ሰርቪሱ ነው። ዋናው ቤት ሳሎን ውስጥ ያለ ራውተር ሰርቪስ አይደርስም፣ በተለይ መሃል ላይ ቆርቆሮ ካለ። ቆርቆሮ ለዋይፋይ ግንብ ነው። ባለሱቆች ለዚህ ሪፒተር የሚባለውን፣ ሶኬት ላይ የሚሰካውን ይሸጡላችኋል። እኔ አልወደውም፣ የደከመ ሲግናል ተቀብሎ ነው የሚደግመው፣ የተቀበለውን ያህል ነው የሚሰጠው። ገመድ ሳቡ። የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለችግር ይሄዳል፣ የማንም ግቢ ይበቃዋል። ሰርቪሱ ጋ ደግሞ አሮጌ ራውተራችሁን አድርጉት። ገብታችሁ አድራሻውን ወደ 192.168.1.2 ቀይሩት፣ ዲኤችሲፒ የሚለውን፣ ለስልኮቹ አድራሻ የሚያድለውን፣ አጥፉ፣ ከዚያ ገመዱን ከአንዱ ራውተር ላን ቀዳዳ ወደ ሌላው ላን ቀዳዳ ሰኩት። አለቀ። ያ ባለ አራት አንቴናው የተሳሳተ ግዢዬ ይሄውና እናቴ ሰርቪስ ውስጥ እስከ ዛሬ ይሠራል።

የት እንደምታስቀምጡትም አስቡበት። ሰው ራውተሩን ቢፌ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥን ኋላ፣ ከብርጭቆዎቹ ጋር ደብቆ «አይደርስም» ይላል። ወደ ቤቱ መሃል አምጡት፣ ከፍ አድርጉት፣ ከፍሪጅና ከትልቅ መስታወት አርቁት። የስልኩ ገመድ ካጠረ የስልክ ገመድ ማስረዘም ቀላል ነው።

ቀዳዳዎቹን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ርካሽ ራውተሮች የገመድ መሰኪያቸው 100 ሜጋ ነው፣ አርቸር ሲ50ም ቢሆን ኤሲ1200 ተብሎ ተጽፎበት መሰኪያው 100 ነው። አርቸር ሲ6 ግን ጊጋቢት፣ ማለትም 1000 ሜጋ ነው። ለኤዲኤስኤል ምንም ለውጥ የለውም፣ ከ100 በላይ የፋይበር ፓኬጅ ለያዘ ሰው ግን ለውጥ አለው።

መብራት። ይሄን ካላነሳሁ ጽሑፉ የአገራችን አይሆንም። መብራት ሲጠፋ የስልክ ጣቢያው ባትሪ ስላለው መስመሩ ብዙ ጊዜ አይሞትም፣ የሚሞተው የእናንተ ሞደም ነው። ትንሿን የራውተር ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ የምትተካውን ባትሪ፣ ግዙ። ስትገዙ የሞደማችሁን አዳፕተር ይዛችሁ ሂዱ፣ 9 ቮልት ይሁን 12 እሱ ላይ ተጽፏል፣ አምፒሩም ከአዳፕተሩ አይነስ። 9 ለሚፈልግ 12 ብትሰጡት ልታቃጥሉት ትችላላችሁ። የፋይበር ቤት ከሆነ ሳጥኗም ራውተሩም መብራት ይፈልጋሉ፣ ስለዚህ ሁለት መውጫ ያለው ዩፒኤስ ይሻላል።

በክረምት ደግሞ መብረቅ አለ። ሰው የመብራቱን ሶኬት ይነቅላል፣ የስልኩን ገመድ ይረሳዋል። መብረቁ በስልክ ሽቦውም ይመጣል። ሁለቱንም ንቀሉ። ሰፈራችን አንድ ነጎድጓዳማ ማታ ስንት ሞደም እንደጨረሰ ቴክኒሻኑ ሲያወራ ጭንቅላቱን ይዞ ነበር።

አዲሱን ገዝታችሁ አሮጌውን ከመንቀላችሁ በፊት ሴቲንጉን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። መስመሩ የሚገባው በተጠቃሚ ስምና በፓስወርድ ነው፣ ፒፒፒኦኢ የሚባለው ገጽ ላይ ነው ያለው። እዚያው ቪፒአይ እና ቪሲአይ የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ፣ እነሱንም አንሱ። ፓስወርዱ በነጠብጣብ ስለሚደበቅ፣ መስመሩ ሲገባ የተሰጣችሁን ወረቀት ፈልጉ፣ ከጠፋ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አሮጌውን ሪሴት አድርጋችሁ ስታበቁ «ፓስወርዱ ምን ነበር?» ማለት የለም። አዲሱ ሲነሳ መጀመሪያ የዲኤስኤል መብራቷን እዩ። ከተርገበገበች መስመሩን ገና አላገኘችም፣ ገመዱንና ስፕሊተሩን ፈትሹ። ዲኤስኤል በርታ ኢንተርኔት የምትለው ቀይ ከሆነች ስሙ ወይ ፓስወርዱ ተሳስቷል።

ከዚያ አድሚን አድሚን የሚለውን መግቢያ ቀይሩ፣ የዋይፋዩን መቆለፊያ ደብሊውፒኤ2 ወይም 3 አድርጉት፣ ያለ ፓስወርድ በቁልፍ ወይም በፒን የሚያስገባውን ደብሊውፒኤስ አጥፉት። የዋይፋዩ ፓስወርድ ስልክ ቁጥራችሁ አይሁን፣ የግቢው ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

እኔ ዛሬ ብገዛ? አንድ ላይ የሆነውን አልገዛም። ያለውን የስልክ መስመር ሞደም፣ አሮጌም ቢሆን፣ ብሪጅ አድርጌ ኢንተርኔቱን እንዲያስገባ ብቻ እተወዋለሁ፣ ከኋላው ጥሩ ባለ ሁለት ባንድ ራውተር አደርጋለሁ። ፋይበር ሰፈር ለሰፈር እየገባ ነው። የስልኩ መስመር ሲቀየር የኤዲኤስኤል ሞደም መደርደሪያ ላይ ይቀራል፣ ራውተሩ ግን አብሯችሁ ይሻገራል። ሁለት ሳጥን ማየት የማይፈልግ ሰው ካለ፣ ሞደም ራውተር ሆኖ ኢዋን የሚባል፣ ከፋይበር ሳጥኗ የሚመጣውን ገመድ የሚቀበል መሰኪያም ያለውን ይግዛ፣ እንደ አርቸር ቪአር300 ያለውን፣ እሱ ለስልክ መስመሩም ለፋይበሩም ይሆናል።

ሱቅ ስትሄዱ አሁን ያለውን ሞደም ጀርባና የገመዱን ጫፍ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። የካርቶኑን ማሸጊያ እዩ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ሲሪያል ቁጥርና ዕቃው ሆድ ላይ ያለው አንድ ይሁኑ። የውጭ አገር ቴሌኮም አርማ ያለበት ያገለገለ ዕቃ ከሆነ ለዚያ ድርጅት ተቆልፎ ሊሆን ስለሚችል ይቅርባችሁ። ባለሱቁ የስልክ መስመር ከሌለው እዚያ መሞከር አይቻልም፣ የዕቃው መብራት ቦግ ማለቱ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት «ቤት ወስጄ ዲኤስኤሉ ካልያዘ በሁለት ቀን እመልሳለሁ» በሉትና ደረሰኙ ላይ አጽፉት። ካልጻፈ ቀጣዩ ሱቅ አጠገቡ ነው።